የጠጣሁላት ውሃ

ውሃው ጣዕም ነበረው። አፍ ላይ ይጣፍጥና ጉሮሮ ሲደርስ ብረት የላሱ ያህል ይጎመዝዛል። አንድ ሊትር ተኩል ይሆናል። ለእናቴ የተሰጠ ነበር፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ እየተጎነጨች እንድትጨርሰው። የጠጣሁት ግን እኔ ነኝ።

ይህን በአፌ የተናገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ዘግይቼ። ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይታሰራል። ትምህርት ቤት ሳለሁ መልሱን እያወቅሁ እንኳ እጄን አላወጣም ነበር። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ሳቆም ጎደለች ብሎ የጠየቀ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የምንኖረው ነቀምቴ ነው፤ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን። ከአንገር ጉቲን ከወጣን ወዲህ ማለቴ ነው። እናቴ ወደዚያ ቆላ የመጣችው በሰፈራው ጊዜ ነው፤ ከወሎ፣ የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለች። አባቴ እዚያው ተቀብሯል። አንድ ታላቅ ወንድም አለኝ፤ ወርቅ እቆፍራለሁ ብሎ ወደ አሶሳ በኩል ከሄደ በኋላ ስልኩ አይጠራም። እኔ አልጋ ቤት አንሶላ አጥባለሁ። እናቴ በአከራያችን በረንዳ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ዘርግታ ትሸጥ ነበር።

ሕመሙ የጀመራት ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ በግራ በኩል። በቀኝ እጇ ሽንኩርት ትመዝናለች፤ የግራ እጇን ጨብጣ ያንን ቦታ ትጫነዋለች። መጀመሪያ "ብርድ ነው" አለች። ቀጥሎ "ጨጓራዬ ነው" አለች። ክሊኒክ ስወስዳት ለምርመራ ደም ሰጠች፤ ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተባለ። እዚህ ከተማ ታይፎይድ ያልተባለ ሰው ያለ አይመስለኝም። አከራያችን "እኔ በዓመት ሁለቴ እባላለሁ፤ እንደ ግብር ነው" ትላለች። እናቴ ኪኒኑን ጨረሰች። ትኩሳቱ ጥቂት ቀን ተወት አደረጋትና ተመልሶ መጣ።

ፍልሰታ የገባው ያን ጊዜ ነው።

እናቴ ድሮም ጿሚ ናት። በዚያ ዓመት ግን ስለት ነበረባት። ዐሥራ አምስቱን ቀን ሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም በጉሮሮዋ ላታሳልፍ፣ እመቤታችን ደግሞ የወንድሜን ድምፅ ልታሰማት። ስለቱን የተሳለችው ብቻዋን ነው፤ የነፍስ አባቷን አልጠየቀችም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ፣ ገና ውሃ ሳትቀምስ፣ "በይ እስቲ ደውይ" ትለኛለች። እደውላለሁ። ያቺ ሁልጊዜ የምትመልሰው የቴሌ ሴትዮ ማግኘት አይቻልም ትላለች። እናቴ "እሽ፣ ነገ" ትልና ጾሟን ትፈታለች።

አከራያችን የዚሁ አገር ሰው ናት፤ ጴንጤ ናት። ከእናቴ ጋር በረንዳው ላይ ሲጎነታተሉ ነው የሚውሉት።

"አዮ፣ ምሳ ሰዓት እኮ ደረሰ" ትላታለች። አዮ ማለት በእነሱ ዘንድ እናቴ እንደ ማለት ነው።

"ለእናንተ ነው የደረሰ። ጾም የለ፣ ጠላ የለ፣ ምን ቀራችሁ?"

"ዝማሬ ቀረን!"

"እሱም ቢሆን ጎረቤት የሚያስደነግጥ ነው።"

ጾሙ በገባ በስምንተኛው ቀን ጠዋት ግን እናቴ መልስ አልሰጠቻትም። ቃሪያዋን ሳትዘረጋ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። አከራያችን ግንባሯን በእጇ ጀርባ ነካችና ወደ እኔ ዞረች።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ እሳት ሆናለች። የአንሶላውን ነገር ተይና ባጃጅ ጥሪ።"

ሆስፒታል ያየን የቀዶ ሕክምና ሐኪም ቀጭን ሰው ነው፤ ድምፁም ቀጭን ነው። ግራ ሆዷን በቀስታ ተጫነና ድንገት እጁን አነሳ። ሲጫናት ዝም ያለችው እናቴ ሲለቃት ጮኸች። እሱም ይህን ወረቀቱ ላይ ጻፈና ወደ አልትራሳውንድ ላከን። እዚያ ያለው ሰው ሆዷ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት አፍስሶ መሣሪያውን ወዲህ ወዲያ ሲገፋ ቆየ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው በዝናብ ቀን በመስኮት እንደሚታይ ነገር ነው።

"ጋዝ ብቻ ነው የማየው" አለ። "ጋዝ መጋረጃ ነው እማማ፤ ከኋላው ያለውን አያሳየኝም።"

"ልጄ፣ ከትናንት ዘጠኝ ሰዓት ወዲህ ምንም አልቀመስኩ። ከየት መጣ ጋዙ?"

ሰውዬው ሳቀ። ቢሆንም ሲቲ ስካን ትነሣ ብሎ ጻፈልን።

ሲቲ ስካን የሚያነሱበት ቤት በባጃጅ ሩቅ አይደለም። ስንደርስ አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ኮሪደሩ ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ በሽተኞች ተደርድረዋል፤ ብዙዎቹ ከሩቅ የመጡ ናቸው። መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ ፈገግተኛ ነው። የላስቲክ ጠርሙስ ሙሉ ውሃና የወረቀት ብርጭቆ ይዞ መጣ።

"እማማ፣ ይሄ መድኃኒት ያለበት ውሃ ነው። አንጀትዎን ያበራልናል። ውሃው የገባበት ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ያ አንጀት ነው ማለት ነው። ነጭ ያልሆነ እብጠት ካለ ደግሞ እሱ ሌላ ነገር ነው። ይሄን ካልጠጡ አንዱን ከአንዱ መለየት ያስቸግራል። ቀስ እያሉ አንድ በአንድ።"

"ስንት ሰዓት ነው አሁን?" አለች እናቴ።

"አራት።"

"ዘጠኝ ላይ ብጠጣውስ?"

"ከሰዓት በኋላ የጊምቢ ሰዎች ተራ ነው እማማ። አምስት ሰዓት ላይ እርስዎ ነዎት።"

ሄደ። እናቴ ጠርሙሱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ለትንሽ ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

"ድፊው" አለችኝ በሹክሹክታ።

"እማ፣ ለበሽተኛ እኮ ይፈቀዳል።"

"ለበሽተኛ ይፈቀዳል። ስለት ላለበት ማን ፈቀደ? ዛሬ በገዛ እጄ ፈትቼው ልጄ ቢቀር ማንን ልወቅስ ነው?"

ልነግራት የሚገባኝ ብዙ ነገር ነበር። ልጁ ያለውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ገብቶኛልም። ነገር ግን ጎናችን ሰው አለ፣ ፊት ለፊታችን ሰው አለ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ከእናቴ ጋር መከራከር አፈርኩ። ተነሥቼ የሚደፋበት ቦታ ፈለግሁ። ሽንት ቤቱ ጋ ሰው ተሰልፏል። ደጁ ላይ አበባ አለ፤ አበባው ጋ ዘበኛ አለ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

እናቴ ደግሞ ሐሳቧን ለውጣለች። "ተይው፣ አትድፊው። መድኃኒት መድፋት ነውር ነው፤ ስንቱ አጥቶት ይሞታል። አንች ጠጪው። አንች የጉልበት ሠራተኛ ነሽ፣ ጠዋት ዳቦ በልተሻል፤ ምንም አይልሽም።"

ይህን ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ነጠላዬን አፌ ድረስ ስቤ ከሥሩ መጠጣት ጀመርኩ። አንድ ብርጭቆ። ሌላ ብርጭቆ። ከሲሬ የመጡ አንድ ሽማግሌ ከጎኔ ተቀምጠው በዓይናቸው ጠርሙሱን ይከተላሉ።

"የኔ ልጅ፣ በሽተኛዋ አንቺ ነሽ እንዴ? እኔ ደግሞ እሷ መስላኝ።"

እናቴ ፊቷን ሳታዞር "ሁለታችንም ነን" አለቻቸው።

"አይ፣ ታዲያ ሁለታችሁም ብትጠጡ ነው የሚሻለው" አሉ ሽማግሌው። ያን ጊዜ የሰማሁት እንደ ቀልድ ነው።

ልጁ ተመልሶ መጣ። "ጨረሱ?"

ባዶውን ጠርሙስ ከፍ አድርጌ አሳየሁት። እሱም አውራ ጣቱን አሳይቶኝ እናቴን ይዟት ገባ። በሕይወቴ ትልቁን ውሸት የዋሸሁት እንዲህ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ነው።

ውስጥ ደግሞ በደም ሥሯ ሌላ መድኃኒት ሰጥተዋታል። እሱን አልተቃወመችም። ስትወጣ "ውስጤ ፀሐይ የገባ መሰለኝ" አለችኝ። "የደም ሥር ግን ጾም አይፈታም። በጉሮሮ ያላለፈ አይቆጠርም።" ደስ ብሏት ነበር። ሁለቱንም ያተረፈች መስሏታል፤ ስለቱንም ሕክምናውንም።

ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ፎቶውን ይዘን ሆስፒታል ተመለስን። ትልቅ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ላዩ ላይ የእናቴ ሆድ እንደ ዳቦ ተቆርጦ ተቆርጦ ተደርድሯል። ሐኪሙ መስኮቱ ላይ ለጥፎ አየው፤ አብሮ የመጣውን ወረቀት አነበበ፤ እንደገና አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ያስረዳኝ ጀመር። እስከ ዛሬ አንዱም ቃል አልጠፋኝም።

"አንጀት እንደ ሳይክል ጎማ ከመነዳሪ ነው። ሲቆይ የሳሳበት ቦታ ያብጥና ትንንሽ ከረጢት ያወጣል። ብዙ ሰው ከነዚያ ከረጢቶች ጋር ሳያውቃቸው ይኖራል። የእናትሽ አንዱ ቆስሏል።" የካርዱን ጀርባ ገልብጦ ደረጃ ሣለ፤ አራት እርከን ያለው ደረጃ። "ይሄ በሽታ የሚለካው እንዲህ ነው። መጀመሪያው እርከን ቁስሉ አንጀቱ ዙሪያ ብቻ ሲሆን ነው፤ መግል ቢኖረውም የሽንብራ ያህል ነው። ሁለተኛው መግሉ ወደ ታች ወርዶ እንደ ሎሚ ሲጠራቀም። ሦስተኛው እሱ ሲፈነዳና ሆድ ውስጥ ሲፈስ። አራተኛው አንጀቱ ራሱ ተበስቶ ሰገራ ሲፈስ ነው። ሽንብራውን በመድኃኒት እናጠፋዋለን። ሎሚውን በመርፌ እንቀዳዋለን። ሦስትና አራት ላይ ግን ያለ ቢላ አይሆንም።"

"እሷስ?" አልኩ። ይህን ለማለት ብዙ ደፍሬያለሁ።

"አንደኛው ላይ ናት።" እስክሪብቶውን ዝቅተኛው እርከን ላይ አሳረፈ። ቆይቶ ግን ተመልሶ ወደ መስኮቱ አየ። "ውሃው ብቻ ነው አንጀቷ ውስጥ ያልታየኝ። እዚህ ታች ያለው ክብ ነገር አንጀት ይመስለኛል፤ ያነበበውም ሰው አንጀት ሳይሆን አይቀርም ነው ያለው። ጠጥታለች አይደል?"

እናቴ አልጋው ላይ ተጋድማ ጣሪያውን ታያለች። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እሱ እሺታ መሰለው። ማንም ቢሆን እሺታ ይመስለዋል፤ እኛ ዘንድ ልጅ አንገቷን ስትደፋ እሺ ማለቷ ነው።

"አንዳንድ አንጀት ሰነፍ ነው፤ ውሃ እንኳ ቶሎ አያሳልፍም" ብሎ ሣቀና አስተኛት።

ግሉኮስ ተሰቀለላት፤ መድኃኒቱ በዚያው ይገባል። ሐኪሙ አንጀቷ እንዲያርፍ በአፏ ምንም እንዳትወስድ አዘዘ። ይህን ስትሰማ እናቴ ከታመመች ጀምሮ ያላየሁትን ሣቅ ሣቀች።

"አየሽ? ሐኪሙም ጹሚ አለኝ።"

አከራያችን ለእኔ ምሳ ይዛ መጣች። "አዮ፣ አሁን እንኳ ጹሚ ብለው አስገደዱሽ አሉ። ምን ተሻለሽ!"

"ባለሙያ ያውቃል" አለች እናቴ። "እናንተንም እዚህ ቢያስተኟችሁ ትማሩ ነበር።"

"እኔ ከተኛሁ ማን ይስቅብሻል?"

ሳቁ። እኔ ከጎናቸው ቆሜ ምሳ ዕቃውን ይዣለሁ። አፌ ላይ ያ የብረት ጣዕም አለ፤ ሦስት ቀን ሙሉ አልለቀቀኝም። ወይም ለቅቆኝ ኖሮ እኔ ነኝ ያልለቀቅሁት።

መናገር ነበረብኝ። ይህን በየሰዓቱ አውቀው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ ሲዞር እነግረዋለሁ ብዬ ቃሉን በልቤ ደጋግሜ አጠናሁ፤ "ዶክተር፣ ውሃውን እሷ አልጠጣችም"። አራት ቃል ነው። ሲመጣ ግን ነጭ ጋዋን የለበሱ ስድስት ተማሪዎች ከኋላው መጡ። አልጋውን ከበቡ። እናቴን በኦሮምኛም በአማርኛም እያወሩ ነካኳት። እኔ ግሉኮሱ የተሰቀለበት ብረት ጀርባ ቆምኩ፤ እንደ ክር የቀጠንኩ ይመስል እሱ የሚሸፍነኝ መሰለኝ። አልፈው ሄዱ። ነገ አልኩ። በነጋታው ደግሞ እናቴ ዓይኗን ፍጥጥ አድርጋ አየችኝ። ዓይኗ ስለቴን አትሽጪ ይላል። ያን ቀን ትኩሳቷ ሠላሳ ዘጠኝ ነበር። ነርሷ ጻፈችው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት እናቴ አያመኝም አለች። ደስ ሊለኝ ሲል ፊቷን አየሁ። አመድ መስሏል። አፍንጫዋ ሾሏል። ሆዷን ስነካው ጣውላ ነው፤ እንደ በር የደረቀ።

ሮጥኩ። እኔ ሰው ፊት ሮጬ አላውቅም። ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አገኘሁትና የጋዋኑን እጅጌ ያዝኩ።

"ውሃውን የጠጣሁት እኔ ነኝ።"

"የትኛውን ውሃ?"

"የሲቲ ስካኑን። እሷ አልጠጣችም።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"ለምን?"

"ፍልሰታ ነው" አልኩ።

ጮኾብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አልጮኸም። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በሁለት ጣት ጨመቀ። ክፍል ገብቶ ፎቶውን ከአልጋው ሥር አወጣና መስኮቱ ላይ ለጠፈው። አንጀት ይመስለኛል ያለው ያ ከታች ያለው ክብ ነገር ላይ ጣቱን አሳረፈ።

"ይሄ አንጀት አይደለም" አለ። "ይሄ ሎሚው ነው።"

በተቀመጠችበት ራጅ አነሷት። ያንን ፎቶ እኔም ማንበብ ቻልኩ። ከቀኝ ሳንባዋ ሥር ቀጭን ጥቁር ነገር አለ፤ ጀማሪ ጨረቃ የመሰለ። "አየር ነው" አለኝ። "አየር እዚህ ቦታ አይገኝም፤ አንጀት ካልተበሳ በቀር።" ካርዱን አውጥቶ እስክሪብቶውን ሦስተኛው እርከን ላይ አደረገ። እናቴ ተከፍታ ስትታይ አራተኛው ሆነ። ፎቶ የሚያየው እስከ ሦስት ነው፤ አራትን እጅ ነው የሚያገኘው።

ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አገኘኝ። ከጎኔ ተቀመጠ።

"ተርፋለች። የታመመውን አንጀት ቆርጠን አውጥተናል። ሰገራዋ ግን በሆዷ በኩል በከረጢት ነው የሚወጣው። ከስድስት ወር በኋላ ደግመን አይተን፣ ከሆነ፣ እንዘጋዋለን።"

ልጠይቅ የፈለግሁት ሌላ ነበር። እሱም ገባው መሰለኝ፣ ሳልጠይቀው መለሰ። "ያን ቀን ብናውቅ በመርፌ እንቀዳው ነበር። ከዚያ በኋላ ላይፈነዳም ይችል ነበር፤ ሊፈነዳም ይችል ነበር። እንደዚህ ነው ልልሽ የምችለው።"

እናቴ ስትነቃ መጀመሪያ የተናገረችው "ዘጠኝ ሰዓት ሞላ?" ብላ ነው። ዐሥራ አንድ ሰዓት ነበር። "ሞልቷል" አልኳት። "ደውይ እስቲ" አለች። ደወልኩ። ያቺ ሴትዮ መለሰች።

ከረጢቱ ግራ ሆዷ ላይ ነው፤ በጡጫዋ ስትጫነው በነበረው ቦታ ማለት ይቻላል። ማጽዳቱን ነርሷ አስተማረችኝ። እጄ የአልጋ ቤት አንሶላ የለመደ እጅ ነው፤ አልተጸየፍኩም። የምትጸየፈው እሷ ናት። በረንዳው ላይ ሽንኩርት መሸጡን ተወች። "ከምበላው ዕቃ አጠገብ ይቺ ተቀምጣ ይሉኛል" አለች። ማንም እንዲህ አላለም። አከራያችን ጠዋት ጠዋት በሩን አንኳኩታ "አዮ፣ ነይ ውጪ፣ የምጣላው ሰው አጣሁ" ትላታለች። እናቴ ከውስጥ ሆና "ዛሬ ደክሞኛል" ትላለች። ከዚያ ወዲህ በጾም ተጎነታትለው አያውቁም።

የነፍስ አባቷ ሊጠይቋት መጡ። ስለቱንና የውሃውን ነገር ስትነግራቸው እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። አባ በጣም ተቆጡ።

"ማነው በሽተኛ ጹም ያለ? እኔ ምን ልሠራ ነው የተቀመጥኩት? ጠይቀሽኝ ቢሆን ጠጪ እልሽ ነበር። ውሃ ነው! ውሃ!"

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ያን ጊዜ ያለቀሰችው ለቅሶ ስትታመም ያላለቀሰችው ነው። አባም ደነገጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ቁስሉ እስኪዘጋ ድረስ ውጭ ሆና እንድታስቀድስ፣ ሲዘጋ እንደ ወትሮዋ እንደምትገባ ነገሯት። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ቅጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ወሬዋ ሁሉ "ሲዘጋ" ሆነ። ሲዘጋ ገብቼ እስማለሁ። ሲዘጋ እቆርባለሁ። ሲዘጋ ሲሬ ድረስ ሄጄ እኅቴን አያለሁ። እኔም አብሬ "ሲዘጋ" እላለሁ። ያ ሁሉ ነገር በተከፈተው ጎኗ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር የቆየው።

ቀጠሮው ወርኃ የካቲት ላይ ደረሰ። ዕለቱ ረቡዕ ነው። ያ ኮሪደር፣ ያ አግዳሚ ወንበር፣ ያው ፈገግተኛ ልጅ። አላስታወሰንም፤ ስንቱን ያያል። ጠርሙሱን ሰጣትና እንደበፊቱ አስረዳት። አራት ሰዓት ከሩብ ነበር።

እኔ ቃላቴን አዘጋጅቼ ነበር። ድፊው ብትለኝ እምቢ እላለሁ፤ ሰው ቢሰማም ይስማ። አንች ጠጪው ብትለኝ ተነሥቼ ልጁን እጠራለሁ። ስድስት ወር ሙሉ በልቤ ያጠናሁት ነው።

እናቴ ስንት ሰዓት ነው ብላ አልጠየቀችም። ብርጭቆውን ሞላችና ጠጣች። ሌላ ሞላች። ረቡዕ መሆኑን ታውቃለች፤ ጠዋት ራሷ "ዛሬ ረቡዕ ነው" ብላኛለች። ስትጠጣ ዓይኗ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ነው። አንዴ እንኳ እምቢ ብትል ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም። ልጁ መጥቶ "ጨረሱ?" ሲል ባዶውን ጠርሙስ እሷ ራሷ ከፍ አደረገችለት።

ሐኪሙ ፎቶውን መስኮቱ ላይ ለጠፈው። በዚህኛው ላይ ውሃው ይታያል። ነጭ ነው፤ ጥርት ያለ ነጭ፤ እየተጠማዘዘ ይሄድና እየቀጠነ ይጠፋል። የጠጣሁት ውሃ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ቀን ነው።

"በጣም ጥሩ ፎቶ ነው" አለ። ከዚያ እንደገና ከላይ እስከ ታች አየው። ሐኪም ሲዘገይ ምን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ወደ እኔ ቀረብ ብሎ በዝቅተኛ ድምፅ ተናገረ። የቀረው አንጀቷም በከረጢት የተሞላ ነው። እርስ በርሱ ተጣብቋል። ልቧ ደግሞ ለሁለተኛ ቀዶ ጥገና አይሆንም፤ ሊዘጋ ቢሞክር ጠረጴዛው ላይ ትቀርበታለች። "እንዲሁ ትኑር" አለኝ። "አንቺ ቀስ ብለሽ ንገሪያት።"

እናቴ በር ላይ ባለው ወንበር ተቀምጣ ነጠላዋን ታስተካክላለች። "ምን አለ?" አለችኝ።

ለሐኪሙ አንገቴን የደፋሁበትን ቀን አስታወስኩ። ቀና ብዬ አየኋት።

"አይዘጋም አለ እማ።"

"መቼም?"

"መቼም።"

"እሽ" አለች።

በባጃጅ ተመለስን። መንገዳችን በቤተ ክርስቲያኑ ጎን ነው። ሌላ ጊዜ "አቁም ልጄ" ብላ ወርዳ የቅጥሩን ድንጋይ ትስማለች። ባጃጁ ሲደርስ ቀስ አለ፤ ሾፌሩ ያውቃታል። እሷ አቁም አላለችውም። አለፈ።

ቤት ገብተን አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። አከራያችን በመስኮት አንገቷን አስገብታ "እህ፣ ምን አሉ?" ስትል ፊቴን አየች። "ምሳ ላምጣ?" አለች፤ ገና ሰባት ሰዓት ነው። እናቴ "አምጪ" አለቻት። አከራያችን በመስኮቱ እናቴን ደግማ አየቻት። ከዚያ ሄዳ አመጣች። እናቴ በላች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስልኩን አውጥቼ የወንድሜን ቁጥር ሞልቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ደውይ እስክትለኝ ጠበቅሁ። የስልኩ መብራት ደብዝዞ ጠፋ። ነካሁት፤ በራ። እንደገና ጠፋ። እናቴ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች፤ እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም።